የአንባቢያን ጥያቄ፦ እስከ መቶ የምትቆጥር ልጅ ስምንትና አምስትን መደመር ለምን ያቅታታል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጅማ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ናቸው፤ የመጨረሻው ጥያቄ ግን የመምህር ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ደብዳቤ ውስጥ "ይህንኑ ስህተት ደጋግሞ ይሠራል" የሚል ቃል አለ። ስለዚህ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ሰፋ አድርገን ጽፈናል። ልጅ እንዲሁ በዘፈቀደ አይሳሳትም፤ የተሳሳተበት መንገድ አለው። መንገዱ ከታወቀ ማቃናቱ አይከብድም። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ቤት ውስጥ ከሌሉ ሂርማታ ገበያ አይጠፉም።

ጥያቄ፦ ልጄ 1ኛ ክፍል ናት። ከአንድ እስከ መቶ ሳትስት ትቆጥራለች። "8 ሲደመር 5 ስንት ነው?" ስላት ግን እንደ አዲስ ከአንድ ጀምራ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ጣቷ ሲያልቅባት ግራ ይገባታል። እየሰነፈች ይሆን? (እናት፣ ከመንደራ)

አልሰነፈችም። እስከ መቶ መቁጠር እንደ ሀ ሁ ሂ በቃል የሚያዝ ነገር ነው። ቁጥሩ የብዛት ስም መሆኑ የሚገባት ግን ዕቃ በእጇ እያነሳችና እያስቀመጠች ስትቆጥር ነው። የ1ኛ ክፍል ሒሳብ ትልቁ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመች ይለዩ። 12 የለስላሳ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ በትነው "ቁጠሪ" ይበሏት። አንዱን ሁለት ጊዜ ከቆጠረች ወይም ከዘለለች፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ቃል መስጠቱ ገና አልጸናላትም። እየቆጠረች ቆርኪውን አንድ በአንድ ወደ ሳህን ትክተት። በትክክል "አስራ ሁለት" ብላ ከጨረሰች በኋላ "ታዲያ ስንት ነው?" ሲሏት እንደገና ከአንድ ከጀመረች ደግሞ፣ የመጨረሻው ቃል የሁሉም ብዛት መሆኑን አልያዘችም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍነው "ጨርቁ ሥር ስንት አለ?" ብለው ይጠይቋት። ሁለቱንም ካለፈች ከአንድ መጀመሯ ልማድ ብቻ ነው።

ልማዱን ለማስለወጥ 8 ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ኩባያ ይድፉባቸው፣ ኩባያው ላይም 8 ብለው ይጻፉ። 5 ቆርኪ ከጎኑ ይደርድሩ። የተሸፈነውን መቁጠር ስለማትችል "ስምንት" ብላ ከዚያ "ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት" ማለት ግድ ይሆንባታል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ስህተት አለ፤ "ስምንት" የሚለውን ቃል የመጀመሪያው ውጭ ያለ ቆርኪ ላይ ትጠራዋለች፣ መልሱም 12 ይሆናል። ልጅዎ ሁልጊዜ በአንድ የጎደለ መልስ የምታመጣ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። "ስምንት" ሲባል እጇ ኩባያው ላይ ይረፍ።

ቀጥሎ አስርን መሙላት ይመጣል። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን 5 በ6 ነው። ሁለት ባለ5 ረድፍ ቆርጠው ያስቀሩ፤ 10 ጉድጓድ ይሆናል። 8 ቆርኪ ሲደረደር ሁለት ጉድጓድ ባዶ ይቀራል። ከ5ቱ 2ቱ ይሞሉታል፣ 3 ውጭ ይተርፋል። አስርና ሦስት፣ አስራ ሦስት። ቋንቋችን እዚህ ላይ ለልጅ ደግ ነው፤ "አስራ ሦስት" የሚለው ቃል ራሱ መልሱን ይናገራል። በአፋን ኦሮሞም "ኩዳ ሰዲ" እንዲሁ አስርና ሦስት ነው።

በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ጣቷን እንዳትጠቀም አይከልክሏት፤ አስርን መሙላት ስትለምድ ራሷ ትተወዋለች። ቤት ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ቦሎቄና ቡና ለመቁጠሪያ አይሁን፤ ሕፃናት አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል። ቆርኪውም ቢሆን ሥራው ሲያልቅ ተሰብስቦ ይነሳ።

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል ልጄ "ሁለት መቶ አምስት ጻፍ" ሲሉት 2005 ይጽፋል። "ስልሳ" ሲሉት ደግሞ 30 የሚጽፍበት ጊዜ አለ። ምን ብናደርግ ይሻላል? (አባት፣ ከጅሬን)

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ለየብቻ እንያቸው።

2005 የጻፈው የሰማውን በታማኝነት ስለጻፈ ነው። "ሁለት መቶ" ሲባል 200፣ "አምስት" ሲባል 5፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 2005። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ትክክል በሆነ፤ ፪፻፭ የሚጻፈው ልክ እንደሚነገረው ነው፣ ዜሮም አይፈልግም። በክፍል የሚማረው አጻጻፍ ግን በቤት የተከፈለ ነው፤ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት። ባዶ ቤት ሲኖር ቦታውን የሚጠብቀው ዜሮ ነው።

ይህን በዓይን የሚያሳዩ ካርዶች ይሥሩ። ከካርቶን ቁመታቸው 4 ሳንቲሜትር የሆኑ 27 ካርዶች ይቁረጡ፤ 9ኙ 9 ሳንቲሜትር ርዝመት ይኑራቸውና ከ100 እስከ 900 ይጻፍባቸው፣ 9ኙ 6 ሳንቲሜትር ሆነው ከ10 እስከ 90፣ የቀሩት 9ኙ 3 ሳንቲሜትር ሆነው ከ1 እስከ 9። እያንዳንዱ አኃዝ 3 ሳንቲሜትር ቦታ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት በየ3 ሳንቲሜትሩ በእርሳስ ያስምሩ። ይህን ካልጠበቁ ካርዶቹ ሲደራረቡ አኃዞቹ አይገጥሙም፣ ልጁም የባሰ ይደናገራል። አሁን 200ን ያስቀምጥ፣ 5ን በስተቀኝ ጠርዝ አስተካክሎ ይደርብበት፤ 205 ይነበባል። "የመጨረሻው ዜሮ የት ሄደ?" ብለው ይጠይቁት፣ 5ን አንስቶ ይየው። በ250 እና በ255ም ይሞክረው።

ከካርዱ ጎን ለጎን ብዛቱን ራሱን ይሥራ። ስንጥር አስር አስር አድርጎ በላስቲክ ይሰር፣ አስር እስር ሲሞላ አንድ ላይ ትልቅ እስር ያድርገው። 205 ማለት ሁለት ትልቅ እስርና አምስት ነጠላ መሆኑን፣ መሃል ላይ ባለአስር እስር አለመኖሩን ሲያይ ዜሮው ለምን እንደተቀመጠ ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

ስልሳና ሰላሳ ግን የጆሮ ጉዳይ ናቸው፤ ድምፃቸው በጣም ይቀራረባል። "ሰባ" የሚለው ቃል ሰባትን፣ "ሰማንያ" ስምንትን፣ "ዘጠና" ዘጠኝን ያስታውሳል፤ ሃያና አርባ ግን ሁለትንና አራትን እምብዛም አያስታውሱም። ለሁለት ሳምንት ያህል እስሮቹን ሲቆጥር ሁለቱን ስም አጣምሮ ይጥራ፤ "ሦስት አስር፣ ሰላሳ"፣ "ስድስት አስር፣ ስልሳ" እያለ። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ከሆነ "ሶዶማ" እና "ጃተማ" ብለው ያስጽፉት፤ 30 እና 60ን ሳይሳሳት ከጻፈ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ያስቸገረው የአማርኛው ድምፅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል የልጅ ልጄ 42 − 17 = 35 ትላለች። እኛ "አንድ ተበድረን" እያልን ነበር የተማርነው፤ ያንን ባስረዳትም ትረሳዋለች። (አያት፣ ከቦሳ)

እማማ፣ የልጅ ልጅዎ በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰች ነው። ከ7 ላይ 2፣ 5፤ ከ4 ላይ 1፣ 3። "ትንሽ ቁጥር ከትልቅ ይቀነሳል" የሚለውን 1ኛ ክፍል የያዘችውን ሕግ እዚህ አምጥታው ነው። "አንድ ተበደር" የሚለው አባባል የሚጠፋባት ደግሞ የምትበደረው አንድ ሳይሆን አስር ስለሆነ፣ ደግሞም ስለማይመለስ ነው። "ዘርዝሪ" ቢሏት ይሻላል።

4 ባለአስር ብርና 2 የአንድ ብር ሳንቲም ይስጧት፤ አጠገብዎ 20 የአንድ ብር ሳንቲም ይዘው ባለሱቅ ይሁኑ። "17 ብር ክፈይኝ" ይበሏት። 2 ብር ይዛ 7 ብር መስጠት ስለማትችል አንዱን አስር ለማስዘርዘር ትመጣለች። አሁን 3 አስርና 12 አንድ አላት፤ 7 ስትሰጥ 5፣ አንድ አስር ስትሰጥ 2 አስር ይቀራታል፤ 25። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ በገንዘብ ከሠራች በኋላ ብቻ ወደ ደብተር ትሂድ፤ 4ን ሰርዛ ከላዩ 3፣ 2ን ሰርዛ ከላዩ 12 ትጻፍ። የሰረዘችውን በላጲስ አታጥፋው፤ የት እንደተሳሳተች የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

መሃሉ ዜሮ ሲሆን ትልልቆቹም ይቸገራሉ። 402 − 167 ይስጧትና መልሷን ይመልከቱ። 365 ካለች አሁንም ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰች ነው። 265 ካለች ግን መዘርዘሩ ገብቷት፣ መቶውን በቀጥታ ለአንድ ቤት ሰጥታ የአስር ቤቱን ዘላዋለች። ትክክለኛው 235 ነው፤ አንዱ መቶ መጀመሪያ ወደ 10 አስር ይዘረዘራል፣ ከዚያ አንዱ አስር ወደ 10 አንድ። ስለዚህ 3 መቶ፣ 9 አስር፣ 12 አንድ ይሆናል። ማረጋገጫው ባለሱቅ መልስ እንደሚሰጠው ወደ ላይ መቁጠር ነው፤ 167 ላይ 3 ሲጨመር 170፣ 30 ሲጨመር 200፣ 202 ሲጨመር 402። 3፣ 30 እና 202 ተደምረው 235።

የቃል ጥያቄ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። "ጫልቱ 12 ብርቱካን አላት። ከአበበ በ5 ትበልጣለች። አበበ ስንት አለው?" ሲባል ብዙ ልጆች 17 ይላሉ፤ "ትበልጣለች" የሚለውን ቃል አይተው ይደምራሉ። "ይህ ቃል ካለ ደምር፣ ያ ቃል ካለ ቀንስ" ብሎ ማስጠናት ጉዳቱ ይኸው ነው። "ብዙ ያለው ማን ነው?" የሚለውን አስቀድማ ትመልስ።

ጥያቄ፦ የማባዣ ሰንጠረዥን በቃሉ ይያዝ ወይስ ይግባው? (አባት፣ ከቆጪ)

ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ መግባቱ ግን ይቅደም። እስከ 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 ብዜት ነው። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ሲወጡ 36 ይቀራል። 3 × 7 እና 7 × 3 እኩል መሆናቸውን ካወቀ ደግሞ 21 ብቻ። ይህን ለማሳየት 3 ረድፍ ባለ7 ቆርኪ ካርቶን ላይ ደርድረው ካርቶኑን ዞር ማድረግ ነው።

ከ21ዱም ብዙዎቹ ከሚያውቀው ይወለዳሉ። የ4 ማለት የ2 እጥፍ ነው፤ 2 × 7 = 14፣ ስለዚህ 28። የ9 ከ10 ይቀነሳል፤ 9 × 7 = 70 − 7 = 63። የ6 በ5 ላይ ይጨመራል፤ 6 × 8 = 40 + 8 = 48። በቀን ከ3 አዲስ ብዜት በላይ አይስጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ "ሰባት አንዴ ሰባት" ብሎ ከታች እንዲጀምር አያስለምዱት፤ 7 × 8ን ለማግኘት ሰባት ደረጃ መውጣት ይኖርበታል። አደባልቀው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሒሳብ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቤት በአማርኛ ባስረዳው አደናግረው ይሆን? (እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

አያደናግሩትም፤ ይረዱታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያደረገው ልጅ በሚያስብበት ቋንቋ ሲማር ስለሚገባው ነው። "ኢለቨን" እና "ትዌልቭ" ውስጥ አስር አይሰማም፤ "ሰርቲን" እና "ሰርቲ"ን መለየት ደግሞ ከሰላሳና ከስልሳ ይብሳል። ሐሳቡን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይያዝ፣ መልሱን እንዴት እንዳገኘው በዚያው ይንገርዎት። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ይለጥፍበት፤ ለአንድ ምዕራፍ ከ10 ቃል አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ 8:00 ሲል ልጄ "ስምንት ሰዓት ነው" ትላለች። (እናት፣ ከአጂፕ)

ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተሞላ ነው። ቁጥሩ ከ6 ከበለጠ 6 ይቀነስ፣ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ይጨመር፤ 8 ሁለት ሰዓት፣ 3 ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ደቂቃው አይነካም፤ ልጆች ብዙ ጊዜ እሱንም ይቀንሱታል። በፈረንጅ የተሞላ የግድግዳ ሰዓት ላይ የአጭሩ ዘንግ ትክክለኛ ተቃራኒ የእኛን ሰዓት ያሳያል። "ተኩል" ላይ ደግሞ አጭሩ ዘንግ በሁለት ቁጥር መሃል ስለሚሆን አራት ተኩልን "አምስት ተኩል" የሚሉት ብዙ ናቸው። ያለፈውን ቁጥር እንድታነብ ያስለምዷት።

ጥያቄ፦ የአካባቢ ሳይንስ መምህራቸው "ዘር አብቅላችሁ አምጡ" አሏቸው። ጅማ ነንና ቡና ይሁን ብለን ጥሬ ቡና እርጥብ ጥጥ ላይ አደረግን። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሻገተ እንጂ አልበቀለም። (አባት፣ ከጊንጆ)

የቡና ዘር ብቅ ለማለት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ከገበያ የሚገዛው ጥሬ ቡና ደግሞ ደርቆና ተፈልፍሎ ወራት የቆየ ስለሆነ አብዛኛው የመብቀል ኃይሉን አጥቷል። ልጁ ቡና ማብቀሉን ከወደደው በለቀማ ወቅት ከዛፍ ላይ የተቆረጠ ቀይ እሸት ፈልፍሎ አፈር ውስጥ ይዝራና ሁለት ወር ይጠብቅ። ለክፍሉ ሥራ ግን ቦሎቄ ይሁን። ባቄላም ይሆናል። ክክ አይበቅልም፤ ሲከካ ፍሬው ለሁለት ተሰንጥቆ ቡቃያ የሚሆነው ክፍል ይጎዳል። የተቆላ ሁሉ ሞቷል። ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ የእርሻ ዘር መድኃኒት የተለወሰ ስለሆነ ልጅ እንዳይነካው።

አፉ ሰፊ ብርጭቆ፣ ነጭ ሶፍት፣ 6 ቦሎቄና ማስመሪያ ያዘጋጁ። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ከአንድ ቀን በላይ ውሃ ውስጥ ከቆየ መሽተት ይጀምራል። ጠዋት ሶፍቱን ሦስት አራት እጥፍ አድርገው የብርጭቆውን ግድግዳ በውስጥ በኩል ያልብሱት፣ መሃሉን በሌላ ሶፍት ሞልተው ያጥብቁት። ቦሎቄዎቹን በብርጭቆውና በሶፍቱ መካከል፣ ከአፉ 3 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይሰኩ፤ አንዱን ቀና፣ አንዱን ዘቅዝቀው፣ አንዱን በጎኑ። ሶፍቱን ካረጠቡ በኋላ ታች 1 ሳንቲሜትር ውሃ ብቻ ይኑር። ውሃው ቦሎቄውን አይንካው፤ ሶፍቱ ራሱ እየሳበ ያጠጣዋል።

ብዙ ቤት የሚከሽፈው በዚህ ነው። ዘር ይተነፍሳል፤ ሲሰምጥ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። "እንዳይደርቅ" ተብሎ በየሰዓቱ ውሃ የሚጨመርበት ብርጭቆ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ጥጥ ከሶፍት የሚብሰውም ውሃ አምቆ ስለሚይዝ ነው።

በ2 እስከ 4 ቀን ሥር ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ ግንዱ ቀና ይላል፣ በ10ኛው ቀን አካባቢ ቅጠል ይዘረጋል። ተዘቅዝቆ የተሰካው ቦሎቄ ሥር ዞሮ ወደ ታች ሲሄድ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። ይህን ማየቱ ከመጽሐፉ ገጽ ይበልጣል።

ሥራውን ሳይንስ የሚያደርገው ማወዳደሩ ነው። ሌሎች ሦስት ብርጭቆዎች ይጨምሩ፤ አንዱ ውሃ የሌለው፣ አንዱ ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ የሰመጠበት፣ አንዱ እንደ መጀመሪያው ውሃ ያለው ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ጨለማ ላይ የተቀመጠ። በአንድ ብርጭቆ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ደረቁን ብርጭቆ ጨለማ ውስጥ ካስቀመጡት ያልበቀለው በምን እንደሆነ አይታወቅም። የጨለማው ቡቃያ ከመስኮቱ ይልቅ ረዝሞ ሲገኝ ወላጆች "ተሳሳትን" ብለው ይጥሉታል። አትጣሉት። ቦሎቄው ውስጥ ያለውን ስንቅ እየበላ ብርሃን ፍለጋ ተመዞ ነው፤ ቢጫና ቀጭን መሆኑን ልጁ ይጻፍ። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል።

ቁመቱን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቶ ባለካሬ ደብተር ላይ ለ1 ሳንቲሜትር አንድ ካሬ እየቀባ ይሥራው፤ ሒሳቡም እዚሁ አለ። ብዙ ማስመሪያዎች ከጫፋቸው እስከ ዜሮው ጥቂት ባዶ ቦታ አላቸው። ልጁ ከጫፉ ሳይሆን ከ0 ላይ መጀመሩን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ልጄ "እኩለ ቀን ላይ ጥላ በጣም ያጥራል" የሚለውን ተምራ እንጨት ተክላ ለካች። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከለካችው ይልቅ 6 ተኩል ላይ ያጠረ ነበር። ማን ነው የተሳሳተው? (እናት፣ ከበቾ ቦሬ)

ማንም አልተሳሳተም፤ ልጅዎ ጥሩ አድርጋ ለክታለች። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። ጅማ ከዚያ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ በስተምዕራብ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ፀሐይ ጅማ ላይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ አካባቢ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6፡16 ቀደም ይላል፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6፡47 ይዘገያል።

በደንብ ለመለካት 1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት አፈር በሞላ ጣሳ ውስጥ ይትከሉ። ድንጋይ በታሰረበት ክር ቀጥ ማለቱን ከሁለት በኩል ይፈትሹ፤ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ 9 ሳንቲሜትር ገደማ ይዛወራል። ሜዳው ተዳፋት አይሁን። ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየ10 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ታድርግ። አጭሩ ጥላ የሰሜንና የደቡብን መስመር ያሳያታል። ፀሐይዋን ቀና ብላ እንዳታይ ይጠንቀቁ።

የጅማ ልጅ የሚያየው ሌላም አለ። ታህሳስ 12 አካባቢ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ሰሜን ወድቆ 60 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ሰኔ 14 አካባቢ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ 28 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና ነሐሴ 27 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ የለም ማለት ይቻላል። የነሐሴውን ደመና አይሰጥም፤ የሚያዝያውን ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ፤ ቤተ ሙከራ የለንም። የውሃን ጠባይና የውሃ ዑደትን በምን ላሳያቸው? (መምህር፣ ከጅማ)

ፊት ለፊት የሚሠራ አንድ ሙከራ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም። በ10 ቡድን ይክፈሏቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ነጭ ላስቲክ ከረጢትና ሦስት ማንኪያ ውሃ ይስጡ፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የብዕር ቀለም ይግባበት። ከረጢቱን ትንሽ አየር አስገብተው አፉን ጥብቅ አድርገው ይሰሩና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ይስቀሉት። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ የከረጢቱ ግድግዳ ላይ ጠብታ ይታያል። ጠብታው ቀለም የለውም። ውሃው ሲተን ቀለሙ ከታች መቅረቱን ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት። ከረጢቱ ቀዳዳ ካለው፣ ውሃው ከበዛ ወይም ጥላ ላይ ከተሰቀለ አይሠራም፤ ሲሰቅሉት ከተነቀነቀም ቀለሙ ግድግዳው ላይ ይረጫል።

ማቅለጥን በሻማ ወይም በቅቤ ማሳየት ይቻላል፤ በረዶ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ማፍላቱን ግን እርስዎ ብቻ ያድርጉት። ከማንቆርቆሪያው አፍ ቀጥሎ ምንም የማይታይበት ክፍተት አለ፤ እንፋሎቱ እሱ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ነጭ ነገር ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነ ውሃ ነው። ቴርሞሜትር ካለዎት ውሃው ሲፈላ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። መሣሪያው አልተበላሸም። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለው 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ነው።

ለዑደቱ መጨረሻ ከሁሉ የሚሻለው የዝናብ መለኪያ ነው፤ በጅማ ዝናብ ለመለኪያ የሚጎድል ነገር የለም። ግድግዳው ቀጥ ያለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ሥር ካለው መጥበቢያ በታች ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን አናት ገልብጠው እንደ ማጥለያ ይክተቱት፣ ጠርዙንም በፕላስተር ይያዙት። የጠርሙሱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምረው ግድግዳው ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይሙሉት፤ 0 የሚጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በየሚሊሜትሩ የተሰመረ ወረቀት ለጥፈው በግልጽ ፕላስተር ይሸፍኑት። ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ፣ ቢያንስ የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል፣ እንዳይወድቅ ባልዲ ውስጥ በአሸዋ ይቀበር። በየቀኑ ጠዋት ደወል ሳይደወል አንድ ቡድን ዓይኑን ከውሃው ትክክል አድርጎ ያንብብና ውሃውን ወደ 0 ይመልሰው። ንባቡ ወደ ቀትር ከተዛወረ ፀሐይ ያተነዋል፤ ቅጠል ማጥለያውን ከደፈነውም ከባድ ዝናብ የዘነበበት ቀን ትንሽ ሆኖ ይመዘገባል።

1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የክፍሉ ጣሪያ 8 ሜትር በ6 ሜትር ከሆነ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊሜትር ሲዘንብ 480 ሊትር ውሃ አርፎበታል። የ4ኛ ክፍል ልጆች ይህን በ20 ሊትር ጀሪካን ያካፍሉት፤ 24 ጀሪካን ይመጣል።